ትንኝ ኤች አይ ቪን ታስተላልፋለችን?

አንባቢዎቼ ሆይ፥ የወባ ትንኝ በሽታን ከሰው ወደ ሰው እንደምታመላልስ ባኮን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ቅማልም ተስቦን ታመጣለች። ስለዚህ «ኤች አይ ቪንስ?» ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይመስለኝም።

ይህ ጥያቄ በክረምቱ ዕረፍት ባኮ ያለችውን አክስቴን ከጎረቤቶቿ ሊያጣላት ደርሶ ነበር። የጓሮ ቤቷን የተከራየችው እንጀራ ሻጭ የኤች አይ ቪን መድኃኒት እንደምትወስድ ሳትደብቅ ብትናገር፥ «ትንኝ ደሟን ለልጆቻችን ታደርሳለችና አስወጪያት» አሏት።

እኔም አምቦ በባዮሎጂ ክፍል የተማርነውን ነገርኋቸው። የወባው ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ተራብቶ ወደ ምራቋ ይገባል፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ግን እሆዷ ውስጥ ከደሙ ጋር ልሞ ይጠፋል። ስትነድፍም የምትተፋው ምራቋን እንጂ ቀድሞ የጠጣችውን ደም አይደለም፤ ሁለቱ የየራሳቸው ቦይ አላቸውና። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁበት ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህም በትንኝ ንክሻ መያዙ የተረጋገጠ አንድ ሰው እንኳ የለም። ትኋንና ቁንጫም እንዲሁ ናቸው።

ስለ ቦይ መስማት ግን አልወደዱም። አክስቴ (ባዮሎጂ ሳትማር!) «ትንኝ ልጆቻችንን መንደፍ የጀመረችው ዛሬ ነውን? ወባ ስንቱን አስተኛ! ይህም በትንኝ ቢሆን ኖሮ ማን ይቀር ነበር?» ብትላቸው ዝም አሉ።

ተከራይዋ ዛሬም እዚያው አለች። እንጀራዋን ግን ከጎረቤቶቹ እስካሁን የሚገዙት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው።