መስመር ለምትመራ ልጅ የተጻፈ ምክር



ይህ ደብዳቤ የሚደርሳት ልጅ ከሰኞ ጀምሮ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ኃላፊ ሆና ሥራ ትጀምራለች፤ የምትመራቸውም በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሹመቱ ወላጅን ቢያስደስትም፣ በሰው ላይ የመፍረድ ሥልጣን በእጅ ሲገባ ፍርድ መቸኮሉ የታወቀ ስለሆነ፣ የሚያሳስበው ይኸው ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 “መሠረታዊ የፍረጃ ስህተት” ብሎ የሰየመው ዝንባሌ፣ ሰው የሌላውን ድርጊት ሲመዝን ያለበትን ሁኔታ አቅልሎ ጠባዩን ማጉላቱ ነው። ሰርቪስ አምልጧት 20 ደቂቃ ዘግይታ ማሽኗ ፊት የተቀመጠች ሠራተኛ ለኃላፊዋ የምትታየው በመዘግየቷ ብቻ ሲሆን፣ በአራት ሆነው የተከራዩት ክፍል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በጋራው ቧንቧ ፊት የተያዘው ወረፋና ባዶ የተመለሰው ጀሪካን ግን አይታዩም፤ “ሰነፍ ናት” የሚለው ቃል ከአፍ የሚወጣውም ስለዚህ ነው።

ሥራ መልቀቅም እንዲሁ ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎች መካከል ተቀጣሪዎቹን በዕጣ ለይተው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዓመቱ ውስጥ መልቀቃቸውን፣ ሥራውም ዕጣው ካልወጣላቸው የተሻለ ገቢ ሳያስገኝ የጤና ችግርን መጨመሩን አሳይቷል። እንግዲህ ብዙዎቹ የለቀቁት ሒሳቡን አስልተው እንጂ ሥራ ጠልተው አይደለም።

ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ማለትም ያጡት ገንዘብ ያንኑ ያህል ከማግኘት ይበልጥ እንደሚሰማ የሚያስረዳው “የኪሳራ ጥላቻ”፣ በደመወዝ ቀን በግልጽ ይታያል። አንድ ቀን የቀረች ሠራተኛ የወሩን የመገኘት ጉርሻ በሙሉ የምታጣ ከሆነ ቁጭቱ ከገንዘቡ መጠን በላይ ይሆናል፤ ይባስ ብሎም በወሩ ቀሪ ቀናት እንድትገኝ የሚይዛት ነገር አይኖርም። ጉርሻው በሳምንት ተከፋፍሎ እንዲታሰብ ለአስተዳደር ማሳሰብ የመስመር ኃላፊ ልትደፍረው የሚገባ ነገር ነው። እቁብ የሚሰበሰብበትንም ጊዜ ልታከብር ይገባል፤ ደመወዝ ሳይበተን ገንዘቡን ለሰብሳቢ ማስረከብ፣ የነገውን ፈተና አስቀድሞ በዛሬ ቃል ኪዳን ማሰር ማለት ነውና፣ የባህርይ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ስም ሳያወጡለት በፊት ኅብረተሰቡ የሚያውቀው ጥበብ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ደብተር ይበቃል፤ ሠራተኛ በቀረች ወይም በለቀቀች ቁጥር ኃላፊዋ ምክንያቱ ይህ ይሆናል ብላ የገመተችውን ሳትጠይቅ በፊት በግራ፣ ሠራተኛዋ ራሷ የተናገረችውን በቀኝ ትጻፍ። ለፋሲካ ቤት ስትመጣ ደብተሩን ይዛ ትምጣ፤ እናቷ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን ማንበብ ትሻለች።

እናቷ