ከቤት ሳይወጣ የሚዘገይ መልእክት

በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የምትኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀን በሥራ ስለምትውል ለመመረቂያ ጽሑፏ መጣጥፎችን የምትፈልገው ምሽት ብቻ ነበር። ድረ ገጾች ግን አንዳንዴ ወዲያው ይከፈታሉ፤ አንዳንዴም ያስጠብቃሉ። የምዕራፉ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ አድርጋ ወርኃዊ ጥቅሏን አሳደገች፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ መገመትን ትታ መለካት ጀመረች። ላፕቶፗን በኬብል ከራውተሩ ጋር ስታገናኝ መዘግየቱ ጠፋ። በዋይፋይ ግን ወደ ራውተሩ ብቻ የላከችው ፒንግ እንኳ አንዴ በ3፣ አንዴ በ400 ሚሊሰከንድ ይመለስ ነበር። መልእክቱ የሚዘገየው ከቤት ሳይወጣ ነበር ማለት ነው። የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ ምክንያቱን አሳየ፦ አብዛኞቹ የጎረቤት ራውተሮች እንደ እርሷው ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 6 ላይ ተጨናንቀዋል። ቻናሉን የሚጋሩ ሁሉ ተራ ስለሚጠባበቁ፣ ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ምሽት መዘግየቱ ይብሳል።

ላፕቶፗን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወረች፤ ይህ ሞገድ በግድግዳ ይበልጥ ስለሚዳከም ራውተሩን ከመግቢያው በር አንሥታ ወደ ማጥኛ ጠረጴዛዋ አቀረበች። ምዕራፉን በቀኑ አስረከበች፤ ጥቅሉንም በወሩ መጨረሻ ወደ ቀድሞው መለሰች።