ካቡን የሠሩትና እርሻውን የወረሱት

በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ግዛት፣ አናፖሊስ የሚባል ሸለቆ አለ። በሁለት ዝቅተኛ የተራራ ሰንሰለቶች መካከል የተዘረጋ የፖም አገር ነው፤ ዎልፍቪል፣ ሆልስ ሃርበርና ዲግቢ የተባሉ ትንንሽ የባሕር ዳር ከተሞች በውስጡና በዙሪያው ይገኛሉ። ለምርምር ሥራ አንድ ዓመት የኖርሁት እዚያ ነው። «ምን አይተህ መጣህ?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ እስከ ዛሬ በወጉ አልመለስሁም፤ እነሆ ልሞክር።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ ባሕሩ ነበር። የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በማይናስ በኩል የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ጧት በሆልስ ሃርበር ተንሳፍፈው ያየኋቸውን የዓሣ ጀልባዎች ከቀትር በኋላ ጭቃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ይህ ተአምር ነው።

ሁለተኛው ያስደነቀኝ ካቡ ነው። ያከራዩኝ አሮጊት አንድ ቀን ከባሕሩ ጠርዝ ወዳለው ረዥም የአፈር ካብ ወሰዱኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ይህን የሠሩት የእኛ ሰዎች አይደሉም» አሉኝ።

የሠሩት አካዲያውያን ናቸው። እነዚህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚክማቅ ሕዝብ ምድር ሰፈሩ። ከባሕሩ መሬት የወሰዱት በብልሃት ነው። ረግረጉን በሣርና በጭቃ ካብ ከለሉት፤ ከካቡ ሥር «አቧቶ» የሚሉትን የእንጨት ቦይ ቀብረው በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ሰቀሉበት። ባሕሩ ሲጎድል የዝናቡ ውኃ መዝጊያውን ገፍቶ ይወጣል፤ ሲሞላ ባሕሩ ራሱ መዝጊያውን ገፍቶ ይደፍነዋል። ጨው በዝናብ እስኪታጠብ ሁለት ሦስት ዓመት ይታገሡና ስንዴ ይዘራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1713 አገሩ በውል ለእንግሊዝ ተላለፈ። ያለ ቅድመ ሁኔታ የታማኝነት መሐላ እንዲምሉ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1755 በግራን ፕሬ ቤተ ክርስቲያን 418 ወንዶችና ልጆች ተሰብስበው መሬታቸውና ከብታቸው ለንጉሡ እንደተወረሰ፣ እነርሱም ከአገር እንደሚባረሩ ተነበበላቸው። በተከታዮቹ ዓመታት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተጋዙ። ከ1760 ጀምሮ እርሻውን ከኒው ኢንግላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ወረሱት። ካቡ ግን በ1759 ማዕበል ተደርምሶ ነበር፤ የጥገናውን ሙያ የሚያውቁት ደግሞ የተባረሩት ናቸው። ስለዚህ በእስር ላይ የነበሩ አካዲያውያን ተወስደው የተነጠቁትን እርሻ ካብ እንዲጠግኑ ተደረገ።

ይህን ለአጎቴ በስልክ አወጋኋቸው። አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ ካረሱበት ቀዬ «መጤ ነህ፤ አገርህ ግባ» ተብለው የወጡ ሰው ናቸው።

«ኋላስ መለሷቸው?» አሉኝ።

«በ1764 እንዲመለሱ ተፈቀደ፣ ጋሼ። መሬቱን ግን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ሌላ ዳርቻ ሄደው ሰፈሩ።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «በል እንግዲህ፣ ያም ሆኖ ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። በ2003 በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም በወጣ አዋጅ የካናዳ መንግሥት ድርጊቱንና ያደረሰውን ሥቃይ አመነ፤ ከ2005 ጀምሮ ጁላይ 28 መታሰቢያው ሆነ። አዋጁ ሕጋዊም ሆነ የገንዘብ ኃላፊነት እንደማያስከትል በግልጽ ይናገራል፤ የመጣውም ከ248 ዓመት በኋላ ነው። ንፉግ እውቅና ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

የእኛ ግን ይህም የለው። አንዱ የሌላውን መፈናቀል ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ወገን ነው?» ብሎ ነው፤ ወገኑ ካልሆነ ምክንያት ይፈልግለታል። እኔ ለአጎቴ 248 ዓመት የሚጠብቅ አዋጅ አልመኝም። የምመኘው ዛሬ በእርሻቸው ላይ የሚያርሰው ሰው ለልጁ ማሳውን ሲያሳይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይህን ያቀኑት የእኛ ሰዎች አይደሉም» እንዲል ነው።

ቸር ይግጠመን።