እየታወቀ የማይነገር፦ ገበናና የቤት ሠራተኞች በአፕፓርክ

በደቡብ እንግሊዝ፣ በምዕራብ ሰሴክስ ኮረብታ ላይ የሚገኘው አፕፓርክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተሠራ የመኳንንት ቤት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወጥ ቤቱ ከዋናው ሕንፃ ተለይቶ ስለ ነበር፣ ምግቡ ወደ ገበታ የሚደርሰው ከምድር በታች በተሠራ መተላለፊያ ነበር። ሠራተኞቹ በዚያ ይመላለሳሉ፤ ከላይ በመስኩ የሚንሸራሸር እንግዳ አያያቸውም። እንዳይታይ ሆኖ የሚኖር ሰው ግን ያያል፣ ይሰማል። ያየውንና የሰማውን የት ያኖረዋል?

በልብ ወለድ እንደ ተለመደው፣ የእንዲህ ያለ ቤት ምስጢር በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ የሚገኝ ደብዳቤ ነው። የአፕፓርክ ገበና ግን የተቈለፈበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1825 የቤቱ ጌታ ሰር ሃሪ ፌዘርስተንሆ በ70 ዓመቱ የወተት ቤቱን ሠራተኛ ሜሪ አን ቡሎክን አገባ፤ እርስዋ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች። በ1846 ሲሞት ርስቱን ለእርስዋ ተወላት፤ ከእርስዋም በኋላ ለእኅቷ ለፍራንሲስ ተላለፈ። ስለዚህ የቤቱ አገልጋዮች ለብዙ ዓመታት የታዘዙት ከእነርሱው ወገን ለወጡ እመቤቶች ነው። ገበና ማለት ያልታወቀ ነገር አይደለም፤ ሁሉም እያወቀው በእመቤቲቱ ፊት ሊያነሣው የማይደፍረው ነገር ነው።

ይህን ዝምታ ታማኝነት ብሎ መተርጐም ይቀላል። ሆኖም በዘመኑ አንድ ሠራተኛ ሌላ ቤት ለመቀጠር ከቀድሞ አሠሪው የጠባይ ምስክርነት ያስፈልገው ነበር፤ አሠሪው ይህን እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሕግ ግን አልነበረም። አንደበቱን ያልገታ ሰው ከአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ከእንጀራው ሊለይ ይችላል። ዝምታ የደመወዙ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ የፍቅር ምልክት ነው ብሎ መደምደም የአሠሪውን ቃል ብቻ መቀበል ይሆናል።

ሣራ ኒል በ1850 የፍራንሲስ ደንገጡር ሆና ወደዚህ ቤት ገባች። በዚያው በአትክልተኝነት ይሠራ የነበረውን ጆሴፍ ዌልስን በ1853 አገባች፤ በ1880ም የቤቱ ገረዶች አለቃ ሆና ተመለሰች። በ1893 ከሥራዋ ተሰናበተች፤ ዕድሜዋ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። እርስዋ ያልተናገረችውን ልጅዋ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ጻፈው። እናቱ በተሰናበተች በሁለት ዓመቷ፣ በ1895፣ ያሳተመው «የጊዜ ማሽን» ከምድር በታች እየሠሩ በላይ ያሉትን የሚቀልቡ ፍጡራንን ያሳያል፤ ብዙ አንባቢዎች ይህን ከአፕፓርክ መተላለፊያ ጋር ያያይዙታል። «ቶኖ ባንጌ» የተባለውና በቤት ገረዶች አለቃ ልጅ አንደበት የሚተረከው ልብ ወለዱ የታተመው በ1909፣ ሣራ ካረፈች ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ቤቱን በስሙ ጠርቶ የእናቱን ኑሮ በግልጽ የተረከው ደግሞ በ1934 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ነው።

እንግዲህ የአንድ ቤት ገበና ወደ ጽሑፍ ለመድረስ አንድ ትውልድ ወሰደበት፤ የተናገረውም እንጀራው በዚያ ቤት ላይ ያልተመሠረተ ሰው ነው። የቤቱ የሒሳብ መዝገብ ለማን ምን እንደ ተከፈለ ይነግራል፤ ስለ ዝምታው የተከፈለውን ለይቶ አያሳይም። ተመራማሪው ሠራተኞቹ የተናገሩትን ከማሰባሰብ አስቀድሞ፣ ቢናገሩ ምን ያጡ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባዋል።