ጀማን አራት ጊዜ ተሻገርኩ

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሆድ ሕመም መጻፍ የሚያስደስት ሥራ አይደለም። ስለ ዓለም ከተማ መጻፍ ግን ደስ ይለኛል። ስለዚህ መራራ ኪኒን በማር እንደሚዋጥ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ አቀርብላችኋለሁ።

ዓለም ከተማ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በካርታ ላይ ሲያዩዋት ቅርብ ትመስላለች፤ በመካከል ግን ጀማ አለ። በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ በኩል አልፎ ለሚ እስኪደርሱ ድረስ መንገዱ የደጋ ሜዳ ነው። ከለሚ በኋላ ግን ምድሪቱ በድንገት ትከፈታለች። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲጀምር እስከዚያ ድረስ ሲያወራ የመጣው መንገደኛ ሁሉ ዝም ይላል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ለእነርሱ ገደሉ እንደ ቤታቸው ደጃፍ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ የጤፉ ማሳ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል። ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ካለቀ በኋላ ድልድዩ ይደርሳል፤ ከሥሩ ጀማ ወደ ዓባይ ይጓዛል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ነው።

ይህን ሸለቆ በ2009 ዓ.ም. ሆዴን በእጄ ይዤ አራት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ።

ትውልዴ ከሚሴ ነው። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ አደግሁ። አላህ ብሎልኝ መምህር ሆንኩ፤ ዓለም ከተማ ተመድቤም ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሕመሙ የጀመረኝ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከእምብርቴ በታች ወደ ግራ በኩል የሚቆርጥ፣ ጥቂት ቀን ጠፍቶ የሚመለስ፣ አልፎ አልፎ ተቅማጥ የሚያስከትል ሕመም ነበር። ድካሙ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ እንደ አራሽ በሬ እዝላለሁ። ሌላም አንድ ነገር ነበር፤ እርሱን ግን ለባለቤቴም ጭምር አልነገርኳትም።

በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰጠው ስም "ጨጓራ" ነው። የቤት አከራያችን ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡኝ፤ እናቴ ከከሚሴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ላከችልኝ። ሁለቱንም በቢስሚላህ ወሰድኩ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ "ኤች ፓይሎሪ ነው፤ እኔን ያዳነኝን ኪኒን ውሰድ" አለኝ። በእርግጥ ብዙ የጨጓራ ቁስል በጭንቀትና በበርበሬ ሳይሆን በዚህ ተሕዋሲ እንደሚመጣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች አሳይተው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ነገር ግን ጨጓራ ከእምብርት በላይ ነው፤ እኔን የሚያመኝ ደግሞ ከእምብርት በታች። ይህን ለተማሪዎቼ በሥዕል የማሳይ ሰው፣ የሌላ ሰው ኪኒን ዋጥኩ።

በኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ ከጣቴ ደም ወሰዱና ከግማሽ ሰዓት በኋላ "ታይፎይድና ታይፈስ" የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ይህች ጥንድ ስም በአገራችን የማትደርስበት ቤት የለም። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ በያዘና በዳነ በሽታ ምክንያት ሊያሳስት እንደሚችል በኋላ ነው የተረዳሁት፤ በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ መፍረድ አይቻልም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሕመሙ ግን አልጨረሰኝም።

በሚያዝያ ወር የመምህራን እቁባችን ዕጣዬ ሳይደርስ አስቀድሞ ሰጠኝ። ለዚህ ውለታቸው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። በዚያ ገንዘብ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነው። በአፌ ቱቦ ከትተው ጨጓራዬን አዩ፤ ትንሽ ቁጣ እንጂ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሰገራዬን መረመሩ፤ ምንም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ትሁት ወጣት ነበር። ወረቀቶቹን ሁሉ አገላብጦ ካየ በኋላ፦

"ከሰገራ ጋር ደም ታያለህ?" ሲል ጠየቀኝ።

በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴት ተማሪዎች ማስታወሻ ይዘው ቆመዋል። ፊቴ ጋለ። "አይ፣ የለም" አልኩት።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ውሸት በልቤ "ሐያእ" ብዬ ሰየምኩት። ሐኪሙ አንጀቴ የሚቆጣ ዓይነት መሆኑንና ጭንቀት መቀነስ እንዳለብኝ መክሮ ሸኘኝ። እኔ በነገርኩት ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ትክክል ነበር፤ አንዳችም ቅሬታ የለኝም።

ስመለስ ጀማ ድልድይ አጠገብ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ሁላችንም ወርደን ጥላ ፈለግን። እኔ ከሰው ነጠል ብዬ ደንጋይ ላይ ተቀመጥኩና የቦርሳዬን ደብተር አወጣሁ። በአእምሮዬ ያለው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ካንሰር። ሐኪሞቹ አይተው የደበቁኝ መሰለኝ። እኔ የደበቅኋቸውን ረስቼ ማለት ነው! ወሲያዬን መጻፍ ጀመርኩ፤ ለእቁቡ የቀረብኝን ዕዳ፣ ከሱቅ በዱቤ የወሰድኩትን፣ የሁለቱን ልጆቼን ስምና ዕድሜ። ትንሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ ሲጠራን ዕዳው ከገጹ አላለቀም ነበር።

ረመዳን በዚያ ዓመት ግንቦት ማገባደጃ ላይ ገባ። ለማንም ሳልናገር ፆምኩ። በአምስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ባልደረቦቼ ደግፈው ወደ ከተማችን ሆስፒታል ወሰዱኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሆስፒታሉ ልናገር። እናት ሆስፒታል ይባላል። ያሠራው በ1981 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የተቋቋመው "መንሽን ፉር መንሽን"፣ በእኛ አነጋገር "ሰዎች ለሰዎች" የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ካርልሃይንዝ ቦም የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ትወናውን ትቶ ኑሮውን ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አረፈ። ድርጅቱ መርሐቤቴ የገባው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ ሆስፒታል ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ግን "ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው" ብዬ በደጁ አልፌ ጀማን ስወርድና ስወጣ ከረምኩ።

ላቦራቶሪው ውስጥ የነበሩት ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። የመነጽራቸውን እግር በክር አስረውታል። ወረቀቴን አዩና ቀና አሉ።

"መምህር፣ ትውልድዎ ከየት ነው?"

"ከሚሴ።"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ቦርከና ውስጥ ይዋኙ ነበር?"

"ከሚሴ አድጎ የማይዋኝ ማን አለ?"

"አሁንስ?"

"በእረፍት ስሄድ አባቴ ማሳ እውላለሁ፤ ውዱእ የማደርገው ከወንዙ ነው።"

"ደምስ ያያሉ?"

በክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም። ውጭ ዝናብ ጀምሯል። "አዎ" አልኩ። "ስንት ጊዜ ሆነ?" አሉኝ፤ "ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው" አልኳቸው። አልተቆጡኝም፤ አልገሠጹኝምም። ትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝና "ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያምጡልኝ" አሉ።

በተለመደው ምርመራ በመስተዋቱ ላይ የሚቀባው ሰገራ ከክብሪት ጫፍ ያነሰ ነው፤ በዚያ ውስጥ ጥቂት እንቁላል ቢያመልጥ አያስገርምም። እርሳቸው የሠሩት ግን ካቶ-ካትዝ የሚባለውን ነው፤ ሰገራው በወንፊት ተጣርቶ፣ በልኬት ወፈር ተደርጎ፣ በቀለም በተነከረ ስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይታያል። ሁለቱ ቀን ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና ከማይክሮስኮፑ ፊት ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አየሁት። ሞላላ እንቁላል፤ በጎኑ ላይ እንደ ጽጌረዳ እሾህ ያለች ሹል ነገር ወጥታለች። ቢልሃርዝያ! ይህን እንቁላል፣ ቀንድ አውጣውንና ጭራው ሁለት የተሰነጠቀውን ጮርቃ ትል በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥል ኖሬያለሁ። የሌላ ሰው በሽታ አድርጌ ነው ለካ ያስተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ወንዝ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ከውሃው ውስጥ የተለየ ዓይነት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። ሳምንታት ቆይቶ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ትል፣ በተለይ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት፣ ውሃው ውስጥ እጁን ወይም እግሩን ያስገባ ሰው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም። በሰው ደም ሥር ውስጥ ዓመታት ይኖራል። የሚጎዳው ከትሉ ይበልጥ እንቁላሉ ነው፤ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ተሰክቶ ያቆስላል፣ ያደማል። የዓለም ከተማ ቅዝቃዜ እኔን የሚጠብቀኝ መስሎኝ ሳለ ትሉን ከቦርከና ይዤው መጥቼ ኖሯል።

ትሉን በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ያገኘው ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ ስሙም ከእርሱ ተወሰደ። ከእኛ ወገን ግን የሚታወሱት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በሽታውን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ሁለት ዓመት ያሠቃየኝ በሽታ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በክብደት ተሰልቶ ለእኔ አራት ኪኒን ደረሰኝ፤ ከምግብ ጋር በአንድ ቀን ዋጥኩት። የተለመደው የወስፋት ኪኒን ይህን ትል አይገድለውም፤ እኔም ያንን ደጋግሜ ወስጄ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ደሙ ቆመ፣ ሕመሙ ቀለለ፤ በድጋሚ ስመረመር እንቁላል አልተገኘም። አልሐምዱሊላህ። የጎደለኝን ፆም በክረምቱ ቀዳ አወጣሁ።

በሐምሌ ጀማን ለአምስተኛ ጊዜ ተሻገርኩ፤ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን በኩል ዞሬ ከሚሴ ገባሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ "ወንዙ ነው? እናንተን ያሳደግሁበት ወንዝ?" አለች። ውዱእ ከወንዙ ካልሆነ በምን እንደሚደረግ ጠየቀችኝ። ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ በበርሜል ተቀድቶ ሁለት ቀን ሙሉ ከቆየ ትሉ እንደሚሞት ነገርኳት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትንና በውሃ መቅጃ ሥፍራ መጸዳዳትን እንደከለከሉም አነሣንላት። "ይህንንስ በልጅነቴም ሰምቻለሁ" አለችና በርሜል ልታስገዛ ገንዘብ ቆጠረች።

ታናሽ ወንድሜ ከአባቴ ጋር ያርሳል፤ ቀኑን ሙሉ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ኪኒኑን በዘመቻ ሲወስዱ እርሱን የመሰለ ጎልማሳ ማንም አይጠራውም። ማታ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅሁት።

"ደም አይተህ ታውቃለህ?"

ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እኔ? ኧረ ምንም የለብኝም" አለኝ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አልተከራከርኩትም። ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ነገር፣ የዋሸሁትን ውሸት፣ ጀማ ዳር የጻፍኩትን ወሲያ ጭምር አጫወትኩት። አንድም ቃል ሳይመልስልኝ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ከጫማው አጠገብ አስቀምጬለት ወጣሁ።