አንድ ቀን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ

ላሊበላን የማያውቅ የለም። ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ዝናቸው በዓለም ተሰምቷል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ላሊበላን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑ ወደ ታች ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት ጎንበስ ይላል። ቀና ብሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢመለከት የላስታን ተራሮች ያያል። የእነሱ ራስ አቡነ ዮሴፍ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4200 ሜትር ይበልጣል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እኛ አራት ሰዎች ይህን ተራራ ልናይ ሄድን። ያደርነው በተራራው ሥር፣ የአገሬው ሰዎች በማኅበር በሠሩት የእንግዳ ጎጆ ነው። በማለዳ ስንነሣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ላሊበላ ከተማ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ተራራው ላይ ጋቢ አይበቃም።

ቆሎ ቋጥረን፣ ዱላ ይዘን ተነሣን። መንገዱን የመራን ከማኅበሩ ጠባቂዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ በገብስ ማሳ መካከል አለፍን። ገብሱ ገና አልደረሰም። ከማሳው በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጀመረ። ከአስታው በላይ ደግሞ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ከሩቅ ሲያዩት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ብዙ ዓመት ያድጋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይደርቃል።

ገደሉ ጫፍ ስንደርስ የጭላዳ መንጋ አገኘን። ወንዱ እንደ አንበሳ ጋማ አለው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ሌሊት ገደል ውስጥ ያድራል፤ ቀን ወጥቶ ሣር ይግጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም።

ወደ ላይ ስንቀጥል መሬቱ በጓሳ ሣር ተሸፈነ። እዚህ ጠባቂው እጁን አነሣ። ቆምን። ከፊታችን አንድ ቀይ ቀበሮ ነበር። ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። አንገቱን ደፍቶ በቀስታ ሄደ። ቆመ። ከዚያ ዘሎ አይጥ ያዘ። ቀና ብሎ አየን፤ አልሮጠም። መንገዱን ቀጠለ።

ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በእኛ አገር ብቻ ነው። ያደጉት ቢቆጠሩ በአገራችን በሙሉ 500 ያህል ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹ በባሌ ናቸው። ሌሎቹ እንደ ሰሜን፣ እንደ መንዝ፣ እንደ አቡነ ዮሴፍ ባሉ ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ።

ከቀትር በኋላ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ በግ ሲጠብቁ አገኘን። አጠገባቸው ያልታሰረ ውሻ አለ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?» አልን።

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?» አሉ።

ጠባቂው ውሻውን አይቶ፣ «አያ፣ ውሻ ወደዚህ እንዳይወጣ ተባብለን አልነበረም?» አላቸው።

«ተባብለናል። ግን ጅብ አለ፣ ተኩላ አለ። ውሻ ከሌለ በጌን ማን ይጠብቅልኛል? ለቀበሮ ተብሎ እኔ ልደኽይ?»

ጥያቄያቸው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ድሃ ሰው በጉ ሀብቱ ነው። ጠባቂው አልተቆጣም። አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲህ አለ፤ «ውሻውን ይግደሉት አላልንም አያ። ያስከትቡት ነው ያልነው። ያበደ ውሻ ቀበሮውን ከነከሰ ቀበሮው ያልቃል። ልጅዎን ከነከሰስ?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ክትባቱ እዚህ ድረስ ይምጣ፤ እኔ መጀመሪያ አስከትባለሁ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። ቀበሮዎች በማኅበር ስለሚኖሩ አንዱ ሲታመም ሌሎቹም ይያዛሉ። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች፣ በወብ ሸለቆ፣ ከቀበሮዎቹ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በዚህ በሽታ አለቁ። ሰውም ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚድንበት መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ውሻን ማስከተብ ቀበሮንም ልጅንም ያድናል።

ሌላም ነገር አለ። ጓሳው ለቀበሮ ብቻ አይደለም። ጣራ ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝናቡንና ጉሙን ይይዛል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ተራራ የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ ይገባል። ጓሳው ታርሶ ገብስ ቢዘራበት ጥቂት ዓመት እህል ይገኛል፤ ከዚያ አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል፤ ምንጩም ይደርቃል።

የመንዝ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቃሉ። የጓሳ መሬታቸውን ከ300 ዓመት በላይ በጋራ ሕግ ጠብቀዋል። ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ይታጨዳል። የአቡነ ዮሴፍ ሰዎችም ተራራቸውን የሕዝብ ጥብቅ ቦታ አድርገዋል።

እኛ ከተመለስን በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። እንግዳ ቀረ። ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብም ቀረ። ያን ጊዜ የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለን። ተራራ የሚጠበቀው ለእንግዳ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ እንግዳ ሲቀር ጥበቃውም ይቀራል። ለምንጩ፣ ለጣራው፣ ለልጁ ሲባል ከሆነ ግን ባለቤቱ አገሬው ራሱ ነው። እንግዳ መጣም ቀረም ምንጩን የሚጠጣው እሱ ነው።

አንብባችሁ ተወያዩ፤

1. በእናንተ ቀበሌ በጋራ የሚጠበቅ ሣር ወይም ደን አለ? ሕጉን ማን አወጣው?
2. ከመንደራችሁ ውሾች ስንቶቹ ተከትበዋል?
3. ሽማግሌው ለጠየቁት ጥያቄ እናንተ ምን ትመልሳላችሁ?