ገና ለገና

የካቲት ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ተቀምጫለሁ። የደሴው አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ወንበሩ ግን አልሞላም። ረዳቱን «ልንሄድ ነው?» አልኩት። «ገና ነው፤ አብሽር» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁት። «ገና!» አለ። ቃሉ ያው ነው፤ የፊተኛው አጽናናኝ፣ የኋለኛው አፌን አስያዘኝ።

አጠገቤ ያለው ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ዘርግቶ «ስቲል»ን እና «ዬት»ን ይሸመድዳል። መጀመሪያ ሲሰማ መምህሩ «የት?» ብለው የጠየቁ መስሎት እንደነበር ነግሮኝ ተሳሳቅን። የተጻፈለት ሕግ ግልጽ ነው፦ ያልተቋረጠ ነገር ከሆነ «ስቲል»፣ አሉታ ወይም ጥያቄ ከሆነ «ዬት»፣ ከአፍታ በፊት የተፈጸመ ከሆነ «ጀስት»። ልጁ የሦስቱንም አማርኛ «ገና» ብሎ ጽፏል። የተሳሳተ መስሎት ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝኩት። አንድ እንቅልፋም ሰው እናስብ፦ ገና ተኝቷል፤ ገና አልተነሣም፤ ገና መነሣቱ ነው። እንግሊዝ ለዚህ ሰውዬ ሦስት ቃል ያወጣል፤ እኛ ባስተኛነው ቃል እንቀሰቅሰዋለን። «ገና ታያለህ!» ስንል ደግሞ ያንኑ ቃል ዛቻ እናደርገዋለን። (በዓሉ ሌላ ነው፤ የእሱ ስም ከግሪክ የመጣ ነው ይባላል። ደግሞም ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ከተፍ ይላል እንጂ እንደ ረዳታችን አያጓትትም።)

«ገና ለገና»ንስ ልጁ ምን ብሎ ይተርጉመው? ያልሆነውን ይሆናል ብሎ መነሣት ነው። አማርኛችን ሲጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ ለተግሣጽ ነው፦ «ገና ለገና ደመወዝ ይጨመራል ብለህ ተበደርክ?» ይባላል። እኔ ግን በዚህ አገር ይህ ቃል መሰደቢያ መሆኑ አይዋጥልኝም። ከዚህ ወደ አቀስታ የሚወጣው የለጋምቦ ደጋ የበልግ አገር ነው። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጠበቃል፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ገበሬው አስተማማኝ ዝናብ እስኪያይ ልጠብቅ ቢል እርጥበቱ ያመልጠዋል፤ ቸኩሎ ቢዘራ ደግሞ ዘሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ውርጭና በረዶውን አልቆጠርኩም። ሰኔ ላይ የሚታጨደው ገብስ በየካቲት ሲታይ ግምት ነው፤ ያውም በዘር ዋጋ የተገዛ ግምት። ከተማ ተቀምጦ «ገና ለገና!» እያለ የሚያሾፍ ሰው የሚበላው እንጀራም ከዚሁ ዓይነት ግምት የመጣ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን ፖርቶ መጋላው ላይ አስጭነው ከፊታችን ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምን ይዘው ነው?» አላቸው ተማሪው።

«የገብስ ዘር።»

«እናንተ ዘንድ ዘነበ እንዴ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ዘሩን ገና ለገና ነው የገዙት?»

«ገና ለገና ነዋ!» ብለው ሳቁ። ልጁ ደብተሩን አጠፈው።

አውቶቡሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ሽማግሌው አቀስታ ሲወርዱ ጆንያውን ተጋግዘን አወረድንላቸው። ጊምባን አልፈን ጉጉፍቱ ስንደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ታርሷል፤ ዝናቡ ገና ነበር።